ከጉዛራ እስከ ፍሪዘር፤ ሜክሲኮ በእንፍራንዝ ድስት ውስጥ

"ሜክሲኮ" ሲባል ለአዲስ አበባ ልጅ ቀድሞ የሚታየው የታክሲ ሰልፍ ነው። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። በአጸፋው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና ምልክቱ የአንበሳ ራስ የሆነ የሜትሮ ጣቢያ አለ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ የማይወራለት ግን ሜክሲኮ ከዲፕሎማቶቹ በመቶዎች ዓመታት ቀድማ ድስታችን ውስጥ መግባቷ ነው። የዛሬ ወጋችን ስለዚህኛዋ ሜክሲኮ ነው፤ መንገዳችንም በእንፍራንዝ በኩል ያልፋል።

ነገሩን ያነሣሣብን እራት ነው። ከመካከላችን ትዳር የያዙት፣ ልጅ የወለዱት፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደክሟቸው ቤት የሚገቡት፣ እሑድ እሑድ "ሜክሲኮኛ ካሰሮል" የሚሉትን ነገር መሥራት ለምደዋል። ካሰሮል ማለት በአንድ ጎድጓዳ ትሪ ላይ ተነባብሮ ኦቨን ውስጥ የሚበስል፣ ከዚያው ትሪ እየተቆረጠ የሚበላ ምግብ ነው፤ ላዛኛ የበላ ሰው አይቸገርም። በፓስታው ፈንታ ቶርቲያ የሚሉት የበቆሎ ቂጣ ይነጠፋል። በመሐሉ የቃሪያና የቲማቲም ስጎ፣ ቦሎቄ፣ የተፈጨ ሥጋና አይብ ይገባል። ሁለት ትሪ ተሠርቶ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ፍሪዘር ይገባል። ማክሰኞ ማታ የቀረው ሥራ ኦቨን ውስጥ መግፋት ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ካሰሮል ያደገው ሜክሲኮ ውስጥ ሳይሆን ድንበሩን ተሻግሮ አሜሪካ ነው። አያቱ ግን እዚያው ሜክሲኮ አለች፤ ቺላኪሌስ ትባላለች። የትናንቱ ቶርቲያ ይቆራረጣል፤ ይደርቃል ወይም ይጠበሳል፤ ከዚያ በቃሪያ ስጎ ይርሳል፣ ይበላል። እናንተዬ፣ የትናንት ቂጣ ደርቆ በቀይ ስጎ ሲርስ ምን ይባላል? ድርቆሽ ፍርፍር!

ዝምድናው እንዲሁ በመልክ ብቻ አይደለም። ቃሪያን ከዱር ያለመዱት የዛሬዋ ሜክሲኮ ጥንታውያን ገበሬዎች ናቸው። በቆሎንም እንዲሁ፣ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከአንድ የዱር ሣር። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን እስኪሻገር ድረስ ከአሜሪካ አህጉር ውጭ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ንጉሥም ቢሆን፣ ጳጳስም ቢሆን። እንግዲህ "የጥንት የጠዋት" የምንለው ቀይ ወጥ ዕድሜው ቢበዛ 500 ዓመት ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረችው ባለሙያ ወጧን የምታጣፍጠው በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በጥምዝ፣ በስናፍጭ ነበር። (አልጫ ወጥን "የሕመምተኛ ምግብ" እያላችሁ የምትንቁ፣ ታላቅ ወንድምን እየናቃችሁ መሆኑን እወቁት።)

አሁን እንፍራንዝ እንግባ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ማክሰኝትን ካለፈ በኋላ ያገኛታል። ከከተማዋ አቅራቢያ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ቆሟል፤ ከላዩ ሆኖ የሚያይ ሰው ጣና ሐይቅንና የፎገራን ሜዳ ከእግሩ ሥር ያገኛቸዋል። ግንቡን የሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዓፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይባላል። ዓፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነገሥታቱ በጋውን በዘመቻ፣ ክረምቱን በሰፈር የሚያሳልፉ ነበሩ፤ ይህ የጣና ዙሪያ አገርም ክረምት መክረሚያቸው ነበር። "ከተማ" የሚለው ቃላችን ራሱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነው። ከተማ ድንኳን ነበር፤ ተነቅሎ የሚሄድ።

ስለ ጉዛራ የተጻፈው ሁሉ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ግንበኛው ማንነት ነው። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው?

የሚንቀሳቀሰውን ሰፈር ያዩ ፖርቱጋሎች ጽፈውልናል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ደግሞ በ1620ዎቹና በ1630ዎቹ መጀመሪያ አይተውታል። ሠራዊቱ ብቻውን አይሄድም፤ ሴቶች፣ ልጆች፣ አገልጋዮች፣ ከብቶች፣ በቅሎዎች አብረው ይጓዛሉ። የሴቶቹ ብዛት ለውጭ ሰው ዓይን የሚገርም ነበር። ለእኛ ግን ሊገርመን አይገባም። የቀለብ ክፍል የሚባል መሥሪያ ቤት በሌለበት አገር ቀለቡ የሴቶቹ ጀርባ ነበር። እህሉን የሚፈጩት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚለቅሙት፣ እንስራና ምጣድ ተሸክመው ጋራ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ነበሩ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 (እ.ኤ.አ.) መሆኑን ስናስብ፣ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ማድ ቤት ለመቶዎች ዓመታት በማን ጉልበት ይነድ እንደነበር ግልጽ ነው። የጉዛራ ግንብ ቢያንስ "በእገሌ ዘመን" ይባልለታል። ለምድጃው ስም የሰጠ የለም።

በርበሬ ወደ ደጋችን የወጣው በዚህ የሰፈርና የዘመቻ ዘመን ነው። ፖርቱጋሎች ከአሜሪካ የወሰዱትን ቃሪያ በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ሕንድ አድርሰውት ነበር። ሕንድ ደግሞ በቀይ ባሕር በኩል ለእኛ የጥንት የንግድ ጎረቤት ናት። በ1541 የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ነፍጠኞች በምጽዋ ወረዱ፤ ከ1557 ጀምሮ ኢየሱሳውያን ተከተሉ፤ ብዙዎቹም መጨረሻቸው እዚሁ ጣና ዳር ሆነ። ነጋዴውም አልቦዘነም። በ1700 ከጎንደር መልስ እንፍራንዝን ያየው የፈረንሳይ ሐኪም ሻርል ፖንሴ፣ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ ይዘው ከክርስቲያኑ ጋር የሚኖሩባት ከተማ አድርጎ ጽፏታል። ከባሕር የመጣ ቅመም በእንዲህ ያለች ከተማ በኩል ሳያልፍ አይቀርም። የበቆሎማ ስሙ ፓስፖርቱ ነው፤ "የባሕር ማሽላ" ይባል ነበር። የአፍሪካን በቆሎ ታሪክ የጻፈው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እንዲህ ያሉ "ከባሕር የመጣ" የሚሉ ስሞችን ከብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ለቅሟል።

ታዲያ በርበሬው እንዴት እንዲህ ፈጥኖ ቤተኛ ሆነ? የእኛ መልስ ይህ ነው፤ ከደረቀ ይቆያል፤ የሚቆይ ነገር ደግሞ ለሚጓዝ አገር ወርቅ ነው። በፍሪዘር ቋንቋ እንነጋገር ከተባለ፣ በርበሬ የመጣው ፍሪዘር ወደነበረው ቤት ነው። ፍሪዘሩም የበጋ ፀሐይ ነበረች።

ሻጋታና ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይኖሩም። ፍሪዘር ውሃውን በረዶ አድርጎ ያስረዋል፤ ፀሐይ ደግሞ ጨርሳ ታባርረዋለች። በሦስት በአራት ቀን የሚሻግት እንጀራ ተቆራርሶ፣ በሰፌድ ተሰጥቶ፣ የኅዳር ፀሐይ ካገኘው ለወራት ይቀመጣል። ድርቆሽ ማለት ይኸው ነው። (ለከብት የሚደርቀውም ሣር "ድርቆሽ" መባሉ ደስ ይለናል። ለላሚቱም ለባለቤቷም የክፉ ቀን መሻገሪያ አንድ ስም!) ሥጋው ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ይነካል፣ ገመድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ቋንጣ። ቅቤው ይነጠራል፤ ውሃውና አጓቱ ሲወጣለት ዓመት ቢቀመጥ ግድ የለውም። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ በሶ፤ ውሃ ካለ እሳት አያሻውም።

ሽሮን ለብቻው እናንሣው፤ ይገባዋል። እንፍራንዝና ማክሰኝት ዙሪያ ሽምብራ የሚበቅልበት አገር ነው። ሽምብራው ይታመሳል፣ ይከካል፣ ይነፋል፣ ከበርበሬና ከቅመም ጋር ይፈጫል። ሥራው ቀናት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ግን ለወራት በእያንዳንዱ ምሽት ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የፈረንጅ ፋብሪካ "ውሃ ጨምረህ አፍላ" የሚል ከረጢት መሸጥ ሳይጀምር የእኛ እናቶች ጨርሰውታል። የበርበሬውም ነገር እንዲሁ ነው። ዛላው ይቀነጠሳል፤ እጅ ይቃጠላል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይወቀጣል፤ እንደገና ይሰጣል፤ ቅመሙ ታምሶ ይጨመራል፤ ይፈጫል። ይህ ሁሉ ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት። ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ትዘጋለችና፣ ልክ መብራት እንደጠፋበት ፍሪዘር።

ይህን ስንቅ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ተማሪ ነው። የአብነት ተማሪው ስሙ ራሱ ከስንቁ የመጣ ነው፤ የቆሎ ተማሪ። አኮፋዳውን ይዞ፣ ከየደጁ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመነውን ቁራሽ አድርቆ ኮቾሮ ያደርገዋል፤ ዝናብ ሲውል በውሃ አርሶ ይበላዋል። የዘመናዊ ትምህርት ቤቱም ልጅ ቢሆን ብዙ አይርቅም። እንደ እንፍራንዝ ባሉ ከተሞች አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው እሑድ ሲመለሱ እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ተሸክመው ነው። ሰኞ እንጀራ ነው፤ ሐሙስ ላይ ያው እንጀራ ድርቆሽ ሆኗል። የሳምንቱን እራት እሑድ አዘጋጅቶ መጨረስ የኮንዶሚኒየም ፈጠራ የሚመስለው ካለ ከነዚህ ልጆች አንዱን ያነጋግር።

እዚህ ላይ ወደ ሜክሲኮ አንዴ እንመለስ፤ የእነሱ ታሪክ የእኛን ያስረዳናል። የሜክሲኮ ሴት ለቶርቲያው የሚሆነውን በቆሎ የምትፈጨው ሜታቴ በሚባል ድንጋይ ላይ ተንበርክካ ነበር። ወፍጮና መጅ ያየ ሰው ሥዕሉ አያስፈልገውም። የእርጥብ በቆሎ ሊጥ አያድርምና ሥራው በየቀኑ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ላላት ሴት በቀን አምስት ስድስት ሰዓት የሚፈጅ። በ1920ዎቹና ከዚያ በኋላ በሞተር የሚሠራ ወፍጮ ወደ መንደሮቹ ሲገባ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት የተቃወሙ ባሎች ነበሩ። ቶርቲያው አይጣፍጥም አሉ፤ ሴቶቹም ሥራ ፈት ይሆናሉ፣ ወፍጮ ቤት ሐሜት ይውላሉ አሉ። ሴቶቹ ግን ሳንቲማቸውን ይዘው ተሰለፉ። የእኛም አገር የናፍጣ ወፍጮ ቤት ሲመጣ የተወገደው ሸክም ያው ነው። ስለ ሥልጣኔ ስናወራ ባቡርና ስልክ እንቆጥራለን፤ ለብዙ ሴቶች ግን ወፍጮ ቤት ከሁለቱም ይበልጥ ነበር።

ፍሪዘሩስ? ክላረንስ በርድሳይ የሚባል አሜሪካዊ ከ1912 ጀምሮ ላብራዶር በሚባል የካናዳ ብርዳም አገር ሲኖር ኢኑዊቶች ያጠመዱት ዓሣ በነፋስና በበረዶ ቅጽበት ውስጥ ሲደርቅ፣ ከወራት በኋላም ሲቀልጥ ትኩስ እንደሆነ አየ። ምክንያቱ ፍጥነቱ ነው፤ ቶሎ የሚቀዘቅዝ ምግብ ውስጥ የሚፈጠረው በረዶ ደቃቅ ስለሆነ ሥጋውን አይበጣጥሰውም። በ1920ዎቹ ይህንን በማሽን ሠራው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍሪዘር የአሜሪካ ቤት ውስጥ ገባ፤ ሴቶቹ ቢሮ ገቡ፤ ካሰሮሉም ትሪ ላይ ወጣ። ሁለቱን ያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው። እናት ከቤት ውጭ ስትውል እራቱ መቼ ይሠራ?

ይህ ጥያቄ የእኛም ሆኗል። መልሱን ያገኘነው ከውጭ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ያለች እህታችን በእንፍራንዝ በርበሬ (ሻንጣ ውስጥ በሦስት ፌስታል ታሽጎ የሄደ!) ቁሌት በትልቅ ድስት ሠርታ በየዕቃው ከፋፍላ ታስቀምጣለች። ጎንደርና አዲስ አበባም ፍሪዘር ያለው ቤት ይህንኑ ያደርጋል። የአንዲት ጓደኛችን እናት ግን ከእንፍራንዝ ደውለው ነበር። "ምን ልላክልሽ?" አሏት። "እማዬ፣ ምንም አትላኪ፣ ፍሪዘር ገዝቻለሁ እኮ!" አለቻቸው። "እንግዲያው ድርቆሹን ልላክልሽ፤ መብራት ሲጠፋ ትበይዋለሽ" አሏት። ተላከ። መብራቱም ጠፋ።

እንግዲህ በእንፍራንዝ ድርቆሽ ካሰሮል እንዴት ይሠራል ለሚል፣ ሞክረነዋል። ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ ያለ ዘይት በቀስታ እሳት ይቁላላ፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አትቸኩሉ፤ ቁሌት በችኮላ አይሆንም። ዘይትና በርበሬ ይግባ፤ በርበሬው ከታች እንዳይዝ ጠብ ጠብ እያለ በውሃ ይማሰል፤ በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ቲማቲም። ለፍስክ የተፈጨ ሥጋ፣ ለጾም የተቀቀለ ድፍን ምስር ይጨመርበታል። ድንች አትጨምሩ፤ ፍሪዘር ወጥቶ ሲሞቅ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከዚያ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ተዘርግቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪዘር ይግባ።

አንድ ነገር ላይ ከፈረንጁ አሠራር ጋር አንስማማም። እነሱ ቶርቲያውን ከስጎው ጋር ነባብረው ያቀዘቅዙታል። ድርቆሽ እንዲህ ከተደረገ ገንፎ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ስጎው ብቻ ፍሪዘር ይግባ፤ ድርቆሹ በጨርቅ ከረጢት ቁም ሣጥን ላይ ይቆይ። የማክሰኞ ማታ ሥራ ስጎውን ማሞቅ፣ በትንሽ ውሃ ማቅጠን፣ ድርቆሽና ስጎ እያፈራረቁ ትሪ ላይ ማንጠፍ፣ አይብ ከላይ መበተን፣ 180 ዲግሪ ላይ ሃያ ደቂቃ። ኦቨን የሌለው ድስት ከድኖ በቀስታ እሳት ያድርገው፤ ያኔ ስሙ ወደ ፍርፍርነት ይመለሳል፤ ጣዕሙን ግን አይቀይረውም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የፍሪዘሩን በር አትክፈቱት። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን።

አሁን ወደ ከረረው ጉዳይ። እሑድ ከሰዓት ያን ሦስት ኪሎ ሽንኩርት የሚልጠው ማን ነው? ስናየው ፍሪዘሩ ሥራውን አላጠፋውም፤ ከማክሰኞ ወደ እሑድ ነው ያዞረው። በብዙ ቤት እሑድን የሚከፍለው ሰው ደግሞ ያው ማክሰኞን ይከፍል የነበረው ነው። እሷ ወይ ሚስቲቱ ናት፣ ወይ ከገጠር መጥታ የተቀጠረች ልጅ ናት። የቤት ሠራተኛዋን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ እንደ ሌላው ሠራተኛ አላያትም፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲመራ ነው የተወው። የእረፍት ቀኗ እሑድ ነው ከተባለና የሳምንቱ ምግብ የሚሠራው እሑድ ከሆነ ቀኗ የት ሄደ? የቆሎ ተማሪው እኮ ወንድ ነው፤ ኮቾሮውን የሚያደርቀው፣ እንጨቱን የሚለቅመው፣ ቆሎውን የሚቆላው ራሱ ነው፤ ማንም "ይህ የሴት ሥራ ነው" ብሎ ከልክሎት አያውቅም። የተከራዩት ልጆችም ሽሯቸውን በተራ ነው የሚሠሩት። ዲግሪ ሲይዙና ሲያገቡ የሚረሱት ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን የሚያስረዳን አላገኘንም።

በእኛ ቡድን ወንዶቹ ሽንኩርት ልጠዋል። አንዱ በዋናተኛ መነጽር ነበር፤ ሠርቶለታል፣ እንመሰክራለን። ከሁሉም ያጨቃጨቀን የዕቃዎቹ ምልክት ነው። የቀዘቀዘ ስጎ ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ ሥጋውና ምስሩ አይለይም። አንድ ረቡዕ ማታ ትሪው ከኦቨን ከወጣና ሽታው ቤቱን ካወደው በኋላ ነው የፍስክ መሆኑ የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ ላይ በማርከር ሦስት ነገር ይጻፋል፤ የተሠራበት ቀን፣ "ጾም" ወይም "ፍስክ"፣ የሠራው ሰው ስም።